ያን ተዋናይ አልወደውም

ያን ተዋናይ አልወደውም። ቢሮ ውስጥም ሆነ ታክሲ ውስጥ ስሙ በተነሳ ቁጥር ፊቴ ይጠቁራል፤ ያን ጊዜ አንዱ ይነሳና «እንዴ፣ ትወና እኮ ነው፤ ሰውዬው እንጀራውን ነው የሚበላው» ይለኛል። ትወና መሆኑን ለማወቅ የማንም እርዳታ አያስፈልገኝም። ገዳይ ሆኖ የሰራውን፣ ሰካራም ሆኖ የሰራውን፣ ሚስቱን ከነልጆቿ ያባረረውን ሁሉ መንገድ ላይ ባገኝ ከልቤ ሰላም እላለሁ። እሱን ግን አልወደውም። ምክንያት አለኝ፤ ምክንያቴንም ለማንም ብዬ አላለሳልሰውም።

ነገሩ የጀመረው ካዛንቺስ፣ ሁለት ክፍል ተከራይተን በምንኖርበት ግቢ ነው። አስራ አምስት ዓመቴ ነበር። ያኔ ያለው የቴሌቪዥን ጣቢያ አንድ ብቻ ነው። በግቢው ውስጥ ቴሌቪዥን የነበረን እኛ ስለሆንን እሁድ ከምሳ በኋላ ድራማው ሲጀምር ጎረቤቱ በሙሉ ዱካውን ይዞ እኛ ቤት ይገባል። እናቴ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበረች፤ ለአንደኛ ክፍል ልጆች ፊደል ታስቆጥራለች። እሁድ እሁድ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የተማሪ ደብተር እያረመች አልፎ አልፎ ቀና ብላ ታያለች።

የዚያን እሁድ ክፍል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። በድራማው ውስጥ አንድ ደህና ኑሮ ያለው ሰው ይሞትና ታናሽ ወንድሙ ከሌላ ከተማ ለለቅሶ ይመጣል። ታናሽ ወንድም ሆኖ የሚሰራው ያ ተዋናይ ነው። ገና ወጣት ስለነበር ጢም ለጥፈውለታል። ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ደረቱን እየደቃ፣ «ጋሻዬ፣ መከታዬ» እያለ አለቀሰ፤ ከዚያ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጎትቶ ይንሰቀሰቅ ጀመር። እየተንሰቀሰቀ ሳለ ከጋቢው ጠርዝ ስር አንድ ዓይኑ ብቅ አለ። መጀመሪያ በሩን አየ። ቀጥሎ በረንዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካው። ከዚያ ወደ ጣሪያው ወጥቶ ቆርቆሮው አዲስ መሆኑን አረጋገጠና ተመልሶ ጋቢው ውስጥ ገባ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ለቅሶው አንዴም አልተቋረጠም።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከጎረቤቶቻችን አንዷ «አቤት፣ ሲያውቅበት» እያለች ጉልበቷን መታች። እናቴ ደብተሩን አስቀምጣ ተነሳችና ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። «ይበቃል፤ ልጆቹ የሚያጠኑት አለባቸው» አለች። ድራማው ገና ግማሽ ስላልደረሰ ሰዎቹ ግራ ተጋብተው እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ከዚያ ዱካቸውን እያነሱ ወጡ። ለምን እንዳጠፋችው እኛ ሶስት ልጆቿ እናውቃለን። የምናውቀውን አፍ አውጥተን እንደማንናገርም እናውቃለን።

አባቴ የሞተው ከዚያ ሶስት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ሰንጋ ተራ፣ ከእናቱ በወረሰው ቤት እንኖር ነበር። ቤቱ የጭቃ ቢሆንም በረንዳው ሰፊ ነው፤ ጣሪያውን አባቴ በሞተበት ዓመት አሳድሶት ነበር። በለቅሶው ላይ ከሁሉም አብልጦ ያለቀሰው አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። ሲያለቅስ ሰው ይይዘዋል፤ የያዙት ሰዎች ራሳቸው ያለቅሳሉ። አሮጊቶቹ «ወንድም ማለት እንዲህ ነው» ተባባሉ። እኔ አስራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ለለቀስተኛው ውሃ እያደረስኩ ከበረንዳው ጥግ ስቆም አየሁት። ጋቢው ፊቱ ላይ ነበር። ዓይኑ በረንዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደበት፤ ከዚያ ቀና አለና ቆርቆሮውን አየ።

ሰው ቀለል ሲል ለእናቴ ነገርኳት። ጭኔን ቆነጠጠችኝ። «ስለ አጎትሽ እንዲህ አይባልም» አለችኝ። ቁንጥጫው ለሳምንት በልዞ ቆየ።

ከአርባው በኋላ አጎቴ ቤተኛ ሆነ። ጡረታውን እሱ ይከታተላል፣ የወራሽነቱን ጉዳይ እሱ ያስጨርሳል፣ ከቢሮ ቢሮ እሱ ይሮጣል። እናቴ እያስተማረች በየቢሮው መንከራተት አልቻለችም። አንድ ቀን ውክልና ፈረመችለት። ክረምቱ ሲወጣ ሜትር የያዙ ሰዎች መጥተው በረንዳችንን ለኩ፤ ቤቱ ተሸጧል። ገንዘቡን አጎቴ ቡልጋሪያ በሚባለው ሰፈር የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ከፈተበት። «ለልጆቹ ነው፣ ሲያድጉ ይረከቡታል» አለ። አደግን፤ የተረከብነው ነገር የለም።

እናቴ ካዛንቺስ ስንገባ አንድ ሕግ አወጣች። «ስለ አጎታችሁ በዚህ ቤት ክፉ አይወራም፤ የአባታችሁ ስጋ ነው» አለችን። ሕጉ ጸና። አጎቴ በየበዓሉ ዶሮ ይዞ ይመጣል፣ ጉልበቱን ስመን እናስገባዋለን፣ ከሁላችንም በፊት ይቀርብለታል። እኔ የምፈልገው ቤቱን አልነበረም። ቤቱ እንደማይመለስ በልጅነቴም ይገባኛል። የምፈልገው አንድ ትልቅ ሰው በቤታችን ውስጥ ጮክ ብሎ «አልቅሶ ቤታችሁን ሸጠው» እንዲል ብቻ ነው። ይህችን አንዲት ቃል ስጠብቅ ኖርኩ፤ የሚናገራት ግን ጠፋ።

እንግዲህ አጎቴን መጥላት ተከልክያለሁ፤ ተዋናይ መጥላትን ግን የከለከለኝ የለም። ጥርሴን ነከስኩበት። ደግሞም ጥፋት አላጣሁበትም። ድራማው በታየ ማግስት ትምህርት ቤት ስሄድ ልጆቹ ነጠላ ፊታቸው ላይ አድርገው እየተንሰቀሰቁ፣ በአንድ ዓይናቸው የክፍሉን ጣሪያ እያዩ ይሳሳቃሉ። የሰፈር ጎረምሳ ለቅሶ ቤት ሲሄድ «ቆርቆሮውን እይልኝ» እየተባባለ ይቀልዳል። እኛ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ እንኳ የማይነሳው ነገር በየመንገዱ መሳቂያ ሆነ። ሳልወድ ፈገግ ማለት ነበረብኝ፣ ለምን አትስቂም እንዳልባል።

ሥራ ከያዝኩ በኋላም አልተውኩትም። እዚያው ካዛንቺስ አንድ መስሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ እሰራ ነበር። የመስሪያ ቤቱ ሰው በጅምላ እሱ ወደሚሰራበት ቲያትር ሲሄድ እኔ ከፋይሎቼ ጋር ቀረሁ። ሳሙና ሲያስተዋውቅ ሳሙናውን መግዛት ተውኩ፤ ደህና ሳሙና ነበር፣ ይቆጨኛል። አንድ ቀን ደግሞ ከሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ ስገባ ከኋላዬ ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ። የባቡሩ መስመር ይሰራ ስለነበር መንገዱ ሁሉ ተቆፋፍሯል፤ ታክሲው አይነቃነቅም። ሰው ሁሉ ዞሮ እሱን ያያል። እሱም እንደ ትልቅ ሰው ወግ የተቀመጥንበትን ወንበር ሂሳብ በሙሉ ከፈለ። ሌሎቹ «እግዜር ይስጥልን» አሉ። እኔ ረዳቱን ጠርቼ «የእኔን ከራሴ ተቀበለኝ፣ የእሱን መልስለት» አልኩ። ረዳቱ ቀልድ መስሎት ሳቀ። «አልቀለድኩም፣ መልስለት» አልኩት። መለሰለት። ተዋናዩ ሳንቲሞቹን እጁ ውስጥ ይዞ እስከሚወርድበት ድረስ ወደ መስኮቱ ሲመለከት ቆየ። ሰው በሙሉ በዓይኑ በላኝ። ይብላኝ፣ አልኩ በልቤ።

እናቴ ከሰንጋ ተራ ብንወጣም የሰንጋ ተራን እድር አልለቀቀችም። ሰፈሩ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲሰራበትም እድሩ አልፈረሰም፤ የተበተነው ሰው ሞት ሲሆን ከየአቅጣጫው ይሰበሰባል። የእናቴ ጉልበት እያስቸገራት ስለመጣ በእሷ ምትክ የምደርሰው እኔ ሆንኩ። ሰላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ አንድ የቀድሞ ጎረቤታችን አርፈው፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጎን በተተከለው ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለ አንድ ሰው ቆቡን በእጁ ይዞ መጥቶ አግዳሚው ላይ ከጎኔ ተቀመጠ። ቀና ብዬ ሳይ እሱ ነው። አላለቀሰም። አንገቱን ደፍቶ ብዙ ቆየ። ሰው ወደ ጨዋታ ሲመለስ ወደ እኔ ዞረ።

«እህቴ፣ ታክሲ ውስጥ ሂሳቡን ያስመለስሽብኝ አንቺ ነሽ አይደል?» አለኝ በቀስታ።

«ነኝ» አልኩት።

«ምን በድዬሽ ነው?»

«ያንን ለቅሶ አልወድልህም፤ ዓይንህን ከጋቢ ስር እያወጣህ ያለቀስከውን።»

ፈገግ አለ። «እሱን እኮ ነው ሰው ሁሉ የሚወድልኝ። ማለቴ፣ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ያስቆሙኛል።»

«ዓይኑን ከየት አመጣኸው?»

ጥያቄው ደስ አለው፤ ስለ ሥራው የጠየቅኩት መስሎታል። «ደራሲው አልጻፈውም። እኔ ነኝ የጨመርኩት። እዚሁ ሰፈር ያየሁት ነው» አለኝ። «እናቴ እዚህ ተከራይታ ትኖር ነበር፤ ገና መግባቷ ነው። አንድ ሰው ሞቶ የእድሩን አግዳሚ ወንበር ሳመላልስ፣ የሟች ወንድም እያለቀሰ ቤቱን ሲለካ አየሁት። በቃ፣ አልረሳሁትም። ሰፊ በረንዳ ያለው ቤት ነበር፣ እዚያ ጋ» ብሎ መኪኖች ወደቆሙበት ሜዳ በአገጩ ጠቆመኝ።

«ያ የእኛ ቤት ነው» አልኩት። «የሞተውም አባቴ ነው።»

ቆቡን ከጉልበቱ አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። እኔ ዝም አላልኩም፤ ብዙ ዓመት ዝም ብያለሁ።

«ምን እንዳሰበ ገብቶህ ነበር?»

«ገብቶኛል። ሶስት ቀን ሙሉ እኮ ነው ያየሁት።»

«ለማን ተናገርክ?»

«ለማን እናገራለሁ? የተከራይ ልጅ ነኝ። የሟችን ወንድም በለቅሶ ቤት እንዲህ ነው ብል ማን ያምነኛል?»

«ለአገሩ ሁሉ ግን ተናገርክ» አልኩት። «ጢም ለጥፈህ።»

«ሰው እንዲያየው ነው እንጂ...»

«ሰውማ አየ፤ ሳቀም። ማወቅ የነበረባት እናቴ ነበረች። እሷን ያስጠነቀቀ የለም።»

እዚያው ቁርጡን ነገርኩት። መጥተህ ያየኸውን ለእናቴ ትነግራታለህ፣ ካልመጣህ ደግሞ በየሄድክበት እየመጣሁ ፊት እነሳሃለሁ አልኩት። ማስፈራሪያዬ ያን ያህል አልነበረም፤ እሱም ሳይፈራኝ አልቀረም ብዬ ለራሴ አልዋሽም። አፍሮ ነው የመጣው። ቅዳሜ ከረፋዱ ላይ፣ ብርቱካን ይዞ፣ ካዛንቺስ ቤታችን ደረሰ። የግቢው ልጆች እስከ በራችን ድረስ ተከትለውት ነበር፤ በሩን ዘጋሁባቸው።

እናቴ ተነስታ ተቀበለችው። «ቁጭ በል ልጄ» አለችው። እሱ ግን ቆሞ መናገር ጀመረ። አግዳሚ ወንበር ሲያመላልስ ያየውን፣ ያወቀውን፣ ዝም ማለቱን፣ በኋላም ሥራው ላይ ማዋሉን ሳያስጌጥ ነገራት። «እማማ፣ በጊዜው መጥቼ ልነግርዎት ይገባኝ ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላት። እናቴ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«ብትነግረኝም አዲስ ነገር አይሆንብኝም ነበር» አለችው። «እኔም አይቼዋለሁ።»

የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። እሷ ወደ እኔ ዞረች። «ያን ቀን መጥተሽ ስትነግሪኝ ቀድሜሽ አይቻለሁ። ለዚያ ነው የቆነጠጥኩሽ» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን ፈረምሽ?» አልኳት። ይህን ጥያቄ ሃያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነው የጠየቅኳት፤ ድምፄ ከምፈልገው በላይ ከፍ አለ።

እናቴ አልተቆጣችም። «ቢሮው ውስጥ ነው» አለች። «ሰራተኛው ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረልኝ። አንድ ገጽ ናት። አንብበውታል? አለኝ። አጎትሽ አጠገቤ ቆሞ ያለቅሳል። ወንድሜ ቢኖር እዚህ ቢሮ ምን አመጣኝ እያለ ያለቅሳል። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ያየናል። መነጽሬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ሰው እያለቀሰ መነጽር አውጥቼ፣ ያመጣውን ወረቀት ቃል በቃል ላነብበት አፈርኩ። አላመንኩህም ማለት ነዋ። ለሰራተኛው አንብቤዋለሁ አልኩትና ፈረምኩ።»

በዕድሜዋ ሙሉ የሰው ልጅ ማንበብ ያስተማረች ሴት ናት። እኛን የትምህርት ቤት ካርድ እንኳ ሁለት ጊዜ ሳናነብ አታስፈርመንም። ሁለተኛ ጊዜ ከጨረስን በኋላ «አሁን ምን ይላል?» ብላ ታስነግረናለች። ተናደድኩባት። ወዲያው ደግሞ በራሴ ተናደድኩ፣ ይህን ተሸክማ ስትኖር እኔ የምቆጥረው የራሴን ዝምታ ብቻ ነበርና። ቴሌቪዥኑን ለምን እንዳጠፋችውም ያኔ ነገረችን። ድራማው ስላስቀየማት አልነበረም። ሶስታችንም ልጆቿ ድራማውን ትተን እሷን እያየናት ስለነበር፣ ዞራ ዓይናችንን ማየት ስላልቻለች ነው።

ተዋናዩ ማልቀስ ጀመረ። እንባው መሬት እስኪነካ አለቀሰ። እናቴ መሐረብ ሰጠችው። እኔ እንባውን አላመንኩትም፤ እውነተኛ ነው ብሎ ለሚከራከረኝም መልስ አለኝ። በወንድ እንባ አንድ ጊዜ ቤት ተበልቶብናል፣ ከዚያ በኋላ የመጣውን እንዳምን የሚያስገድደኝ የለም።

«አልቅሶ ቤታችንን ሸጠው» አልኩ ጮክ ብዬ። ከቁንጥጫው ጊዜ ጀምሮ ይዤው የኖርኩትን ነው የተነፈስኩት። እናቴ ቶሎ ዝም በይ የምትል መስሎኝ ነበር።

«አዎ» አለች። «ሸጠው።»

ከዚያ ስልክ አቀብዪኝ አለችኝና ለአጎቴ ደወለች። ደህንነቱን ጠየቀችው፣ የልጆቹን ጤና ጠየቀችው፣ ሁሉንም እንደ ወጉ። ቀጥላም «ያን ጊዜ ያስፈረምከኝን ውክልና ፈልገህ አምጣልኝ፤ ላነበው ነው» አለችው። አጎቴ ሲስቅ እስከ እኔ ድረስ ይሰማል። ቤቱ ከፈረሰ ስንት ዓመቱ፣ ወረቀቱ ምን ያደርግልሻል፣ የት እንዳለም አላውቅ አላት። «እንግዲያው ፈልገው» ብላ ዘጋችው።

መዝገብ ቤት ስለምሰራ ነገሩ ቀላል መሰለኝ። «እማዬ፣ ቅጂው ከፈረምሽበት ቢሮ ይወጣል። እኔ አስወጣልሻለሁ» አልኳት። እሺ አላለችም። «እሱ ያምጣው። ፊቱ ተቀምጬ ነው የማነበው» አለችኝ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ትደውልለት ጀመር። ዘመዶች እየመጡ ነገሩን ተይው አሏት፤ ያለፈ ነገር ነው፣ ሰፈሩም እንኳ የለም አሏት። ቤቱን ልማት ባያፈርሰው ኖሮ ይቆጭሽ ነበር ያሏትም አሉ። ለእነሱ መልስ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ልማት ቢያፈርሰው ካሳ እንቀበልበት ነበር፣ አጎቴን ግን ቤታችንን ሽጥልን ያለው የለም አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ አጎቴ በበዓልም ዶሮ ይዞ አልመጣም። የእናቴን ቁጥር ማንሳት ተወ፤ የእኔንም ተወ።

ባለፈው ቅዳሜ ተዋናዩ ሊጠይቃት መጥቶ ነበር። አልፎ አልፎ ይመጣል፣ እናቴ ትወደዋለች፣ እኔ በር ከፍቼለት ወደ ጓዳ ሥራዬ እመለሳለሁ። የስልኩን ነገር ሲሰማ የራሱን አውጥቶ ሰጣት። ቁጥሩን የማያውቀው አጎቴ ቶሎ አነሳው። እናቴ መነጽሯን አደረገች።

«እኔ ነኝ» አለችው። «ወረቀቱን አገኘኸው?»